ፋብሪካው መጣ፣ ከዛስ?

(ምስል፦ ጠዋት፣ ጎንደር ፒያሳ)

እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ ውጭ ኢንቨስትመንት ነው ግን ከቢራ ልጀምር። ዳሽን እዚሁ ጎንደር የተተከለ ነው፣ በ2012 ደሞ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ዱዌት የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ድርሻ ገዝቶ ገባበት። እሺ ብሩ መጣ። ቢራ ግን ያለ ብቅል አይጠመቅም፣ ብቅሉም ካገኙት ገብስ ሁሉ አይሰራም፣ ፕሮቲኑ ከበዛ ፋብሪካ አይቀበለውም፣ ፍሬው እኩል ካልሆነ እኩል አይበቅልም። ስለዚህ ዳባትና ደባርቅ ያለው ገበሬ ከዛ ብር እንዲደርሰው ዘር የሚያወጣ ተመራማሪ (የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ሆልከር የሚባለውን የብቅል ገብስ ያወጣው ለዚህ ነው)፣ ዘሩን የሚያባዛ፣ ማሳ ድረስ ወርዶ የሚያሳይ ባለሙያ፣ ላብራቶሪ፣ ለማዳበሪያ የሚያበድር ያስፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ብቅሉ በዶላር ይገባል።

ይሄ የተያያዘ ነገር ሁሉ ነው እንግዲህ ብሔራዊ የኢኖቬሽን ስርዓት የሚባለው፣ ክሪስቶፈር ፍሪማን የሚባል የእንግሊዝ ኢኮኖሚስት በ1987 ስለ ጃፓን ሲጽፍ ያስተዋወቀው ቃል ነው። አፕ መስራት ብቻ አይደለም።

(ምስል፦ የኮስታሪካ ካርታ)

ኮስታሪካን እዩ፣ ቡናና ሙዝ የምትሸጥ ትንሽ አገር ናት። በ1996 የአሜሪካው ኢንቴል የኮምፒውተር ቺፕ መገጣጠሚያ ልተክል ነው ሲል ብዙ ሰው ገረመው፣ ግን እኮ ከ1948 ጀምሮ ጦር የላትም፣ ትምህርት ላይ ስታወጣ ነው የኖረችው፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቷም ከኢንቴል ጋር ቁጭ ብሎ የቴክኒሻን ስልጠናውን አስተካክሏል። በ2014 መገጣጠሚያው ወደ እስያ ሄደ፣ 1,500 ገደማ ሰው ስራ አጣ፣ በጣም ያማል። የኢንጂነሪንግ ማዕከሉ ግን እዛው ቀረ፣ እነዛን ኢንጂነሮች በሻንጣ ይዘህ አትሄድማ።

ልብስ የሚሰፋበትን የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ደሞ አስቡ። በ2016 ተከፈተ፣ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ድርጅት በ2021 ወጣ፣ በ2022 መጀመሪያ አጎዋም (ያለ ቀረጥ አሜሪካ የመሸጥ ዕድሉ) ቀረ። ምክንያቱ ጦርነቱ ነው፣ ግን ጨርቁም ቁልፉም በአብዛኛው ከውጭ ስለነበር ለመውጣት የሚበጠስ ነገር አልነበረም፣ የቀረችው የሰፋችው ልጅ ብቻ ናት።

(ምስል፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ)

የኛ ዩኒቨርሲቲ እኮ በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ደምቢያን ወባ ከፈጀ በኋላ ነው፣ ተማሪዎቹም ገጠር ወርደው ነበር የሚማሩት። እኔ የምለው ባለሀብት ከመጥራታችን በፊት ተማሪዎቹ እንደዛው ገብሱ ማሳ ላይም ይውረዱ፣ መተማ ሰሊጡ ጋም።