ደሴ ዙሪያ ዜሮ የሆነችበት ቀን

(በኮምቦልቻ ለሶፍትዌር ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ የቅዳሜ ዕረፍታችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ ጠዋት ከደሴ ስመጣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት ስለ ምን እንደምናገር ጠየቁኝ። «ፕሮግራሞች መልሳቸውን በምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚሰጡና ያን ቅርጽ በትእዛዝ መስመር ላይ እንዴት እንደምንመርጥ ነው» አልኳቸው። «ይህም ንግግር ያስፈልገዋል?» አሉኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን ሳንጨርስ አሳመንኳቸው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እናንተን ግን በራሴ ጥፋት ልጀምርላችሁ።

ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የማዳበሪያ ሥርጭት መዝገብ ላይ እሠራ ነበር። የመረጃ ቋቱን የሚጠይቅ አንድ ፕሮግራም ነበረን፤ ስሙን ስትጽፉለት ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ያማረ ሠንጠረዥ ይዘረጋል፤ ተራ ቁጥር፣ ወረዳ፣ ኩንታል። ድምር ግን አይሠራም። እኔም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ውጤቱን የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው ፓይፕ ወደ አውክ አስተላለፍኩና «ሦስተኛውን ዓምድ ደምር» አልኩት። አውክ በ1977 በቤል ቤተ ሙከራ የተሠራ፣ ስሙ ማወክን ቢያስታውስም እጅግ ታዛዥ የሆነ መሣሪያ ነው። ሌላ ነገር ካላዘዛችሁት ዓምድን ከዓምድ የሚለየው በክፍት ቦታ ነው። ተሁለደሬ በደህና አለፈች፤ ቃሉ፣ ኩታበርና አምባሰልም አለፉ። ደሴ ዙሪያ ላይ ሲደርስ «ደሴ» ሁለተኛው ዓምድ፣ «ዙሪያ» ሦስተኛው ዓምድ ሆኑ፤ ኩንታሉ ወደ አራተኛው ተገፋ። አውክ ደግሞ ቁጥር ያልሆነ ቃል እንዲደምር ሲታዘዝ አይጮህም፤ ዜሮ ነው ብሎ ያልፋል። አንድ ሙሉ ወረዳ ያለ አንዳች ድምፅ ጠፋ፤ ሪፖርቱም ተላከ።

ስህተቱን ያገኙት ኮምፒውተር የማይወዱ፣ በካልኩሌተር የሚደምሩ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ደሴ ዙሪያን የት አደረስካት?» አሉኝ።

የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው። የፕሮግራሙን የእርዳታ ገጽ ስከፍት «ፎርማት» የሚል፣ በሁለት ጭረት የሚጀምር አማራጭ ተቀምጦ አገኘሁ። ሠንጠረዥ፣ ሲኤስቪ ወይም ጄሰን ብሎ መምረጥ ይቻል ነበር፤ ኋለኞቹ ሁለቱ ፕሮግራሞች መረጃ የሚቀባበሉባቸው የጽሑፍ ቅርጾች ናቸው። ሠንጠረዡ ለእኔ ዓይን የተሰናዳ ነው፤ እኔ ግን ወስጄ ለማሽን አበላሁት።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። አባቶቻችን መንዙማውን በአማርኛ ገጥመው በዓረብኛ ፊደል ሲጽፉት ኖረዋል፤ ዐጀም የምንለው እርሱ ነው። አንባቢው ንባብ የቆጠረው በቁርኣን ቤት ስለሆነ የሚቀናውን ፊደል ሰጡት። በሐይቅ እስጢፋኖስ የተማረ ደግሞ ያንኑ አማርኛ በግእዝ ፊደል ይጽፈዋል። ቋንቋው አንድ ነው፤ ፊደሉን የመረጠው አንባቢው ነው።

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት መሣሪያዎችም ይህን ቀድመው ያውቁታል። ፋይሎችን የሚዘረዝረውን ኤልኤስን ተመልከቱ። ተርሚናል ላይ ስትጠሩት ስሞቹን በዓምድ በዓምድ ደርድሮ ያሳያል። ውጤቱን በፓይፕ ወደ ሌላ ፕሮግራም ስትልኩት ግን ማንም ሳያዘው በየመስመሩ አንድ አንድ ስም ብቻ ያወጣል። ከወዲያ ጫፍ ያለው ተርሚናል መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ይጠይቃላ! እኔ ይህን ጨዋነት እወደዋለሁ፤ ሆኖም ብዙ ባይታመኑበት ይሻላል። ፕሮግራሙ የገመተውን በግልጽ አማራጭ መሻር መቻል አለባችሁ፤ ለኤልኤስ አንድ ጭረትና የአንድ ቁጥር ከሰጣችሁት ተርሚናል ላይም ቢሆን በየመስመሩ አንድ ስም ይጽፋል።

የፋይል ለውጦችን የሚመዘግበው ጊትም የሚያስቅ አማራጭ አለው፤ ስሙ ፖርሰሊን ነው። ፖርሰሊን ሲኒ የሚሠራበት ሸክላ ነው። በጊት ሰዎች አነጋገር ፖርሰሊን ለተጠቃሚው የሚታየው የላይኛው ክፍል ሲሆን ከሥር ያለው ደግሞ የቧንቧ ሥራ ይባላል። የጊትን የሁኔታ ትእዛዝ በዚህ አማራጭ ስትጠሩት ግን የሚመጣው ለስክሪፕት (ትእዛዞችን በተርታ ለሚያስፈጽም ትንሽ ፕሮግራም) የታሰበ፣ ጊት ቢታደስም የማይለወጥ ቅርጽ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሐሳቡ ግን ወርቅ ነው። ለሰው የሚታየውን ሠንጠረዥ ነገ ቀለም ልትቀቡት፣ ዓምድ ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ለማሽን ብላችሁ ያወጣችሁት ግን ውል ነው።

ስለ ላቲኑ ኦ ፊደልም ላስጠንቅቃችሁ። አንድ ጭረትና ኦ ከኢንተርኔት ፋይል በሚያወርደው በከርል ውጤቱ የሚቀመጥበት ፋይል ስም ነው። የሰርቨር ፕሮግራሞችን በሚቆጣጠረው በኩብኮንትሮል ቅርጹን መምረጫ ነው። ጽሑፍ ውስጥ ቃል በሚፈልገው በግሬፕ ደግሞ ከመስመሩ የተገጣጠመውን ክፍል ብቻ አሳየኝ ማለት ነው። ሰነድን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ በሚቀይረው በፓንዶክም የፋይል ስም ነው፤ ፓንዶክ ግን ከፋይሉ ስም መጨረሻ ተነሥቶ ቅርጹን ራሱ ይገምታል። ስለዚህ የራሳችሁን ፕሮግራም ስትጽፉ ቅርጹን «ፎርማት» ብላችሁ በሙሉ ስሙ ጥሩት፤ ጥቂት ፊደል መጻፍ ማንንም አይገድልም።

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ፊደላችን። ሲኤስቪ ዓምዶችን የሚለየው በላቲኑ ኮማ ነው። የእኛ ነጠላ ሰረዝ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የራሷ ቦታ ያላት ሌላ ምልክት ስለሆነች አማርኛ ጽሑፋችሁ ውስጥ ብትበዛም ሲኤስቪውን አትሰብርም። የሚሰብረው በላቲን ኮማ የተከፈለ ቁጥር ነው፤ 12,500 ያለ ትእምርተ ጥቅስ ከገባ ሁለት ዓምድ ይሆናል። ፋይሉን ኤክሴል ሲከፍተው አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ከተለወጠ ደግሞ አብሽሩ፤ ብዙ ጊዜ መረጃው አልተበላሸም። ዩቲኤፍ-8 (ዩኒኮድ በፋይል የሚጻፍበት መንገድ) መሆኑን የሚናገረው የመነሻ ምልክት ስለሌለ ነው።

ጄሰን ላይ የሚገጥማችሁ ሌላ ነው። የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን በተለምዶው ከእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ቁጥሮችና ከተለመዱት ምልክቶች ውጭ ያለውን ሁሉ በኮድ ቁጥር ተክቶ ያወጣል። «ሴ» የምትለዋ ፊደል በዩኒኮድ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር 1234 ናት፤ ለማስታወስ ከእርሷ የምትቀል የለችም። ስለዚህ «ደሴ»ን ስትጠብቁ የግራ ዘመም መስመርና የ1234 ጋጋታ ይመጣባችኋል። ማሽን መልሶ ሲያነበው አንድም አይጎድልም፤ የሚቸገረው ሰው ብቻ ነው። ፊደሉን እንዳለ እንዲያወጣ የሚያዝ አማራጭ አለ፤ ሰው የሚያየው ከሆነ ክፈቱት።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። «መረጃውን በማምጣት ላይ»፣ «ፋይሉ አልተገኘም» የሚሉ መልእክቶች ከመረጃው ጋር በአንድ መስመር መውጣት የለባቸውም፤ ለእነርሱ የስህተት መውጫ ተብሎ የተለየ መንገድ ተሠርቶላቸዋል። ጄሰን በሚያወጣ ፕሮግራም መካከል «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰላምታ አይቼ አውቃለሁ። እንግዳ ተቀባይነት ጥሩ ነው፤ እዚያ ግን ቦታው አይደለም።

ከሻይ በኋላ በሚቀጥለው ክፍል ኮምፒውተሮቹ ተከፍተው ይጠብቋችኋል። መጀመሪያ ኤልኤስን ብቻውን ጥሩት፤ ቀጥሎ በፓይፕ የተቀበለውን እንዳለ ወደሚያሳየው ወደ ካት ላኩት። ከዚያ የማዳበሪያውን ሠንጠረዥ ትክክለኛ ቁጥሮቹን በፈጠራ ቁጥሮች ተክቼ አስቀምጬላችኋለሁ፤ ሦስተኛውን ዓምድ ደምሩና ደሴ ዙሪያን ፈልጉልኝ።