ጠላፊ ብንለውስ?

ውድ የቋንቋ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቃል ነው፤ ጦርነት በተነሳ ቁጥር በዜና ስለምንሰማው ኢንተርሴፕተር። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሚሳኤልን አየር ላይ የሚያመክን ሌላ ሚሳኤል አድርገን ነው። ቃሉ ግን ከሚሳኤል እጅግ ይቀድማል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ኢንተር» መሃል ማለት ነው፤ «ካፔሬ» ደግሞ መያዝ፣ መውሰድ። ሲገናኙ፣ መንገድ ላይ ያለን ነገር ካሰበበት ሳይደርስ መሃል ገብቶ መንጠቅ ይሆናል። በጥንታዊው ላቲን ኢንተርሴፕተር የሌላውን ድርሻ የሚወስድ ሰው ነበር። ቀማኛ በሉት።

ወደ ሰማይ የወጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ራዳር የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ከሩቅ ሲያይ፣ የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖች ተነስተው መንገድ ላይ ይገጥሟቸው ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ ዋናው ፍጥነት ነው። በ1964 መጀመሪያ የበረረው የሶቭየቱ ሚግ-25 ከድምፅ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርስ ነበር።

እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። በ1858 በጋ የለንደኑ ቴምዝ ወንዝ በፍሳሽ ገማ። ሽታው የፓርላማ አባላትን ሳይቀር አስመረረ። ከዚያ ኢንጂነር ጆሴፍ ባዛልጌት ከወንዙ ጎን ለጎን ትልልቅ የፍሳሽ መስመሮች ዘረጋ። ቆሻሻው ወንዝ ሳይገባ እዚያ ይያዝና ወደ ከተማዋ ምሥራቅ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መስመርም ኢንተርሴፕተር ይባላል። መሃል ገብቶ ይይዛላ!

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? እኔ ጠላፊ እላለሁ። ወንዝ ለመስኖ ይጠለፋል። ስልክ ይጠለፋል። የሚሮጥ ሰው እግሩን ይጠለፋል። ሁሉም መንገድ ላይ ነው የሚያዘው። «ጠላፊ እኮ የወንጀለኛ ስም ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ላቲኑም ከቀማኛ ነው የተነሳው። ስለዚህ ቃላችን የሚያሳፍር አይደለም፤ እንዲያውም ከሥሩ ጋር ልክክ ይላል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። «ጠላፊ አውሮፕላን» ስትሉ ሰማይ የሚጠብቀውን ተዋጊ ነው። ቃሉን ገልብጣችሁ «አውሮፕላን ጠላፊ» ካላችሁ ግን፣ መሣሪያ ደቅኖ አብራሪውን መንገድ የሚያስቀይረው ሰውዬ ይሆናል።

አመሰግናለሁ።