አደር፣ አደር፣ አደር፦ የፓርቲ ጋዜጣ መደቦችን እንዴት ያጣምር ነበር?

[ምስል፦ ደሴ፣ ፒያሳ። በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ፣ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ ርብራብ]

ጤና ይስጥልኝ። እስቲ ይህን ርብራብ እዩልኝ። ግንበኛው እሱ ላይ ቆሞ ይሠራል፤ ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል። ሌኒን በ1901 እ.ኤ.አ. ስለ ፓርቲ ጋዜጣ ሲጽፍ የመረጠው ምሳሌ ይኸው ነው። ጋዜጣ መቀስቀስ ብቻ ሳይሆን ያደራጃልም ባይ ነበር። ጋዜጣውን የሚያድል ሰው ያስፈልጋል። ከፋብሪካ ወሬ የሚልክም፣ ተሰብስቦ የሚያነብም። እነዚህ ሰዎች ሲተዋወቁ ድርጅቱ ቆመ ማለት ነው።

ችግሩ ግን ሠራተኛው ጥቂት ነው። ሩሲያ የገበሬ አገር ነበረች። ስለዚህ በ1923 እ.ኤ.አ. ለገበሬው ራሱን የቻለ ጋዜጣ ወጣለት። ከፋብሪካም ከመንደርም ተራ ሰዎች ለጋዜጦች እንዲጽፉ ይበረታቱ ጀመር።

[ምስል፦ መዶሻና ማጭድ ያለበት ቀይ ባንዲራ]

ወደ እኛ እንምጣ። እዚህ ሠራተኛው ከሩሲያም ያነሰ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1968 ዓ.ም. ደርግ፣ ማለትም ወታደራዊው መንግሥት፣ ያወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም መፍትሔው ኅብረት ነው አለ። ሠራተኛው ይመራል፣ ገበሬው ዋናው አጋር ነው፣ ንዑስ ከበርቴውም ይከተላል። ንዑስ ከበርቴ ማለት አስተማሪው፣ ባለሱቁ፣ የቢሮ ጸሐፊው ነው። ደሴን የምታውቁ ፈገግ ትላላችሁ። ከተማዋ ግማሽ በግማሽ እሱ ነበረች!

በኅብረቱ ብዙዎቹ የግራ ድርጅቶች ይስማማሉ። ጠቡ ወታደሩ ይግባ አይግባ ላይ ነው። የኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ጋዜጣ ‹ዴሞክራሲያ› በማባዣ ማሽን ታትሞ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እሱ የሚጠይቀው ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ነው። የመኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) ‹የሰፊው ሕዝብ ድምፅ› ደግሞ ለደርግ ሂሳዊ ድጋፍ፣ ማለትም እየነቀፈ ድጋፍ፣ ይሰጣል። ለሠራተኛው የሰጡት ስም እንኳ አልገጠመም። ኢሕአፓ ላብ አደር ሲል፣ መኢሶን ወዝ አደር ይላል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በዚያ ዘመን አንዷ ቃል የማን ወገን እንደሆንክ ታሳብቅብህ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ግን ‹አደር› የምትለዋ ቃል ናት። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ላብ አደር፣ ወዝ አደር። ሁሉም በሆነ ነገር ያድራል። ቃሏ ራሷ መደቦቹን ትሰፋለች። በኢሠፓአኮ (የኢትዮጵያ ሠርቶ አደር ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን) ጊዜ የወጣው የፓርቲ ጋዜጣ ስሙ ማን ነበር? ‹ሠርቶ አደር›። ጠቡን አለፈው፣ ጥላውንም አሰፋው። ፋብሪካ ያለውም፣ ማሳ ላይ ያለውም፣ ቢሮ የተቀመጠውም ሠርቶ ያድራላ! ወታደርም ‹ወጥቶ አደር› ነው የሚሉ አሉ። እንዲያ ከሆነ ማንም አልቀረም። ስሙን ያወጣው ሰው ቋንቋ አዋቂ ነው እላለሁ።

ገበሬው ማንበብ አይችልም ካላችሁ፣ አብሽሩ፤ ለዚህም ታስቦበታል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 ተማሪና አስተማሪ ገጠር ወረደ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ባለበት ደግሞ፣ አንድ የሚያነብ ካለ ለሌላው ጮክ ብሎ ያነብለታል።

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ]

አሁን ቁልቁል እንውረድ። ኮምቦልቻ ላይ ኅብረቱ በዓይን ይታያል። እዚህ ጋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ እዚያ ጋ ማሽላ። መዶሻና ማጭድ ጎን ለጎን ናቸው። ጋዜጣ የማያሳየው ግን ሚዛኑን ነው።

በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል ይገዛ ነበር፣ ዋጋውን የሚቆርጠው መንግሥት ነበር። ገበሬው ኮታ፣ ማለትም የግድ የሚያስረክበው የእህል መጠን፣ ነበረበት። ምርቱ ቢያንስም ኮታውን ያስገባ ነበር፤ አንዳንዱ ውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ከተሜው ደግሞ በቀበሌ ሱቅ በቅናሽ ያገኝ ነበር። ገጽ ላይ ወንድማማች የሆኑት ሁለቱ መደቦች፣ ሚዛን ላይ አንዱ የሌላውን እንጀራ ይከፍል ነበር። ሩሲያም በዚያው በ1923 ተመሳሳይ ጣጣ ነበረባት። የፋብሪካ ዕቃ ሲወደድ የገበሬው እህል ረከሰ፣ ገበሬውም እህሉን ያዝ አደረገ።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ። ኮታው ቀረ። ገበሬው እህሉን ጭኖ ሰኞ ገበያ ላይ ለፈለገው፣ በተስማማው ዋጋ መሸጥ ቻለ። ኮሚሽኑ ያደራጀው ፓርቲ ከዚያ በኋላ የቆየው 1 ዓመት ከጥቂት ወራት ነው።