ቅርጫቱ ወርዶለት ነበር

ስለ እናቴ በርበሬ እጽፋለሁ ብዬ ቃል መግባቴን አልረሳሁም፤ ለሚቀጥለው ይቆየኝ። ትናንት ማታ ልጄ ሳህን እያጠበ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እማዬ፣ በ2013 ዋንጫውን ማን ወሰደ?» አለኝ። የአሜሪካ ኮሌጆችን የቅርጫት ኳስ ማለቱ ነው፤ ዓመቱም በፈረንጆቹ ነው። «ሉዊቪል» አልኩት። «ማንም አልወሰደም» አለኝ። «ተሰርዟል።»

መሰረዙንማ አውቃለሁ። ግን አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ሉዊቪል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያኔ እርሱ ሕፃን ነበር፤ ጭኔ ላይ ተኝቷል። መጋቢት ሊያልቅ ነው፣ የእነርሱ ፋሲካ፤ እኛ ገና ሁዳዴ ላይ ነን። ጨዋታው ኢንዲያናፖሊስ ነው፣ ሉዊቪል ከዱክ። የሉዊቪሉ ኬቨን ዌር የሦስት ነጥብ ውርወራ ሊከለክል ዘለለ፤ ሲያርፍ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። የተኛውን ልጄን ዓይን በእጄ ሸፈንኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። የወደቀው የራሱ ቡድን ተጠባባቂዎች ፊት ነው። ጓደኞቹ ወለሉ ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ አሰልጣኙ ሪክ ፒቲኖ እንባውን ጠረገ። የቡድን ጓደኛው ሉክ ሃንኮክ ግን ሄደ። አጠገቡ ሆኖ እጁን ያዘና ጸለየለት። ያ እጅ አሁንም ይታየኛል። ሌላው ሁሉ ዓይኑን ሲሸሽ እርሱ ሄዶ ያዘው። ዌር ደግሞ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆኖ ጨዋታውን አሸንፉ ይላቸው ነበር። አሸነፉም፤ 85 ለ63።

ከስምንት ቀን በኋላ ፍጻሜው እዚሁ አትላንታ፣ ጆርጂያ ዶም ነበር። ዌር እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ኮንየርስ ያደገ ልጅ ነው፤ አገሩ መጣ፣ በክራንች። ሚቺጋን በመጀመሪያው አጋማሽ በ12 ነጥብ መርቶ ነበር። ሃንኮክ አምስት ጊዜ ከሦስት ነጥብ ርቀት ወረወረ፤ አምስቱም ገቡ። 82 ለ76። ያሸነፈ ቡድን መሰላል ወጥቶ መረቡን በመቀስ መቁረጥ ልማዱ ነው፤ ዌር መሰላል አይወጣም። ስለዚህ ቅርጫቱን ዝቅ አደረጉለት። ያ ሁሉ ብረት ቀስ እያለ ወደ እርሱ ወረደ፤ የመጨረሻዋን ክር ቆረጠ። ይህን ሳይ አለቀስኩ፤ አሁንም ሳወራው ድምፄ...

እሺ።

የካቲት 2018 ላይ የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ የሉዊቪልን ይግባኝ ውድቅ አደረገ። 123 ድሎች ተሰረዙ፤ ዋንጫውም አብሮ። ሰንደቁ ከአዳራሹ ጣሪያ ወረደ። ለሚቺጋንም አልተሰጠም፤ ባዶ ሆኖ ቀረ። በ2019 ተጫዋቾቹ ከከሰሱ በኋላ በተደረገ ስምምነት የሃንኮክ የምርጥ ተጫዋችነት ክብር ተመለሰለት። አሸናፊ የሌለው ፍጻሜ ምርጥ ተጫዋች አለው ማለት ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ለልጅ ላስረዳ?

ደግሞ ተበደሉ ብዬ ልጨርስ ስል ምክንያቱ ይመጣብኛል። የአሰልጣኙ ክፍል ባልደረባ የነበረ ሰው ለምልመላ ለመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ገንዘብ እየከፈለ ሴቶችን ወደ ማደሪያቸው ያመጣ ነበር። ልጆች ናቸው እኮ! እናቶቻቸው ትምህርት ቤት ሊጎበኙ ብለው የላኳቸው። ማደሪያው ሚናርዲ አዳራሽ ይባላል፤ በመስከረም 11ዱ ጥቃት መንትያ ሕንፃዎቹ ውስጥ በሞተው የፒቲኖ የሚስት ወንድም ስም የተሰየመ። ለሞተ ሰው መታሰቢያ በተሠራ ቤት! እኛ ዘንድ ለሙት መታሰቢያ የቆመ ነገር አጠገቡ ሲታለፍ እንኳ ድምፅ ይቀነሳል። አባቴ በሞተ በዓመቱ በስሙ ያስተከልነውን የውኃ ቧንቧ አጎቴ እንዴት ይጠብቀው እንደነበር ነግሬያችኋለሁ፤ ልጆች ሲጫወቱበት እንኳ... ወደዚያ ከገባሁ አልወጣም።

ስለዚህ ይሰረዝ እላለሁ። ይሰረዝ። ከዚያ ያ የወረደው ቅርጫት ይታየኛል። ዌር ምን አደረገ? እግሩስ ተሰብሮ አልነበረም ሊባል ነው? ጆርጂያ ዶም እንኳ የለም፤ ዋንጫው ከመሰረዙ ሦስት ወር ቀድሞ በፈንጂ አፈረሱት፤ አቧራውን በቴሌቪዥን አይቻለሁ። ቦታውም የለም፣ ድሉም የለም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

ልጄ ቅዳሜ ይሄዳል። ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ለጉብኝት ጠርቶታል፤ ሁለት ሌሊት ያድራል፣ ከተጫዋቾቹ ጋር። ለካ ጥያቄውን ያነሳው ስለዚህ ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ የማያያዘው? ዛሬ ጠዋት አሰልጣኙ ደወለልኝ። ትሑት ሰው ነው፣ በጣም አክብሮ ነው ያናገረኝ። ጥያቄ አለዎት ወይ አለኝ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማይበላ ነገርኩት። ብርድ ልብስ ይዞ ይምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሌሊት ማን አብሯቸው እንደሚሆን ግን...