ግፊቱስ?

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአራተኛ ፎቅ ነን። ያ ውሻም አለ፤ ከሰማችሁት ሰላም በሉት።

ስለ አባዬ ነው። ደህና ነው፣ አትደንግጡ። ስቴንቱ፣ ማለት የጠበበ የልብ ደም ሥር ከፍቶ የሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ከገባለት ሁለት ወር ሆነው። ያልተመቸው እኔን ነው።

ዶክተሩ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። ቀለሙ ሲረጭ የልቡ ደም ሥር ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ ቀጠን ይላል። በእስክሪብቶው ጫፍ ነካ አደረገና፣ "እዚህ ጋ 60 በመቶ ጠቧል" አለን። አባዬ መነጽሩን አወለቀ። አፈጠጠ።

"ዶክተር፣ ግፊቱስ ተለክቷል?"

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "አባዬ ተው እንጂ፣ ይሄ ቧንቧ አይደለም።" ሳቅኩም መሰለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲዘረጋ ለኖረ ሰውዬ! መነጽሩን መልሶ አደረገ። ፈረምን።

ለካ ይለካል። ቀጭን ሽቦ ያስገቡና ከጥበቱ ወዲያ ያለውን ግፊት ከጥበቱ በፊት ባለው ግፊት ያካፍሉታል። ኤፍኤፍአር ይሉታል። 0.80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ጥበቱ ደም እያስቀረ ነው። ግን መጀመሪያ አዴኖሲን የሚባል መድኃኒት ሰጥተው ፍሰቱን ከፍ ያደርጉታል። ልክ እንደኛ ብሎክ፤ ውሃው ማን ጋ እንደማይደርስ የሚታወቀው ሁሉም ሲከፍት ነው። ሐሙስ ዕለት ታች ምንጣፍ ያጥባሉ፣ እኛ ጋ ቧንቧው እህህ ብሎ አየር ተፋ። ጀሪካን ይዤ ስወርድ ደግሞ... ምን ላይ ነበርኩ?

አዎ። ፌም የሚባል ጥናት አለ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ። በፊልም ከ50 እስከ 70 በመቶ ጠበዋል ከተባሉት ውስጥ፣ ግፊታቸው ሲለካ ደም የሚያስቀሩት 35 በመቶው ብቻ ነበሩ። አሁን እንዲያውም ያለ አዴኖሲን የሚለካም አለ፤ አይኤፍአር ይሉታል፣ የዚህኛው መለያ ቁጥር 0.89 ነው።

የአባዬ ከ35ቱ ይሁን ከ65ቱ እንግዲህ... ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይጨንቀው ነበር፣ እሱ እውነት ነው። አሁን ሳያርፍ ይወጣል። ምናልባት ትክክል ነበር። ምናልባትም ተለክቶ ነበር፣ እኔ ምን አውቃለሁ። ዶክተሩ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ነበር እኮ። ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ያቺን አፍ ነው ሌሊት ሌሊት የማያት።

ትናንት ሲንኩ ሥር ገብቶ ሲያጠብቅ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ። "አባዬ፣ ያን ቀን ዶክተሩ ጋ..." አልኩት።

"መፍቻውን አቀብለኝ" አለኝ።

አቀበልኩት። ከዚያ ደግሞ... ቆይ። ሰማችሁ? ውሃ መጣ መሰለኝ—