ጋጣው ውስጥ ተንበርክካችሁ አሽትቱ

[ምስል፦ ማለዳ፤ ተዘግቶ ያደረ የጋጣ በር ሲከፈት]

ጠዋት በሩን ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ተቀብሏችሁ ያውቃል? እናንተ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ትወጣላችሁ። ፈረሱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሰው አድሯል፤ ያውም በአፍንጫው ብቻ። ፈረስ እንደኛ በአፉ መተንፈስ አይችልም።

ሽታው አሞኒያ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት ይወጣል። የሚመነጨው ከወለሉ ስለሆነ የሚበረታውም እዚያው ዝቅ ብሎ ነው። እና ቆማችሁ አትፍረዱ፤ ፈረሱ በሚተኛበት ከፍታ ተንበርከኩ። እዚያ ከሸተተ፣ ላዩ ላይ የተነሰነሰው ደረቅ ጉዝጓዝ አያታልላችሁ፤ ከሥር ያለው እርጥቡ ተዝቆ መውጣት አለበት።

[ምስል፦ በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ ድርቆሽ ሲራገፍ]

ይህን ጭስ የሚመስል ነገር እዩት። ድርቆሽ በደንብ ሳይደርቅ ከታሰረ ውስጡ ይሞቃል፣ ይሻግታል። የሻጋታው ብናኝ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከ5 ማይክሮሜትር በታች የሆነው አፍንጫ ሳያስቀረው እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃል። ያልቻለው ሳንባ ይቆጣል፤ ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ አክታ ይሞላቸዋል። ይህ የፈረስ አስም ነው።

ድርቆሹ በመረብ ተሰቅሎ ሲቀርብ ፈረሱ አፍንጫውን መሃሉ ቀብሮ ይበላል። በተፈጥሮው ግን ጎንበስ ብሎ የሚግጥ እንስሳ ነው፤ አንገቱን ሲደፋ አክታው በራሱ ጊዜ ይፈሳል። ስለዚህ ጥቂት ቢባክንም መሬት ላይ ቢቀርብለት እመርጣለሁ። ውሃ ውስጥ መንከርም ብናኙን ይይዘዋል፤ ነገር ግን የተነከረ ድርቆሽ ቶሎ ስለሚበላሽ የአንድ ጊዜውን ብቻ ንከሩ። የሻገተውን መንከር አያድነውም፤ ይጣል። ስትጠርጉ ፈረሱን አስወጡት፣ ብናኙ ሳይሰክን አትመልሱት።

ብርድ ሲመጣ መስኮቱን የሚደፍን ሰው ብዙ ነው፤ ለፈረሱ አዝኖ። ፈረስ ግን ደረቅ ብርድን ከእኛ በተሻለ ይችላል። የሞቀና የረጠበ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ጣሪያው ሥር መውጫ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ መግቢያ ይተውለት። ጣሪያው ጠብታ ካቆረ፣ የሸረሪት ድር ከበዛ፣ አየሩ አይንቀሳቀስም ማለት ነው።

[ምስል፦ የፈረስ ሽንጥ በቅርበት]

አሁን ሰዓት ያዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሽንጡ ሲነሳና ሲወርድ ቁጠሩ። ቆሞ ሳለ አፍንጫው ከተነፋ፣ አየር ሲያስወጣ ሆዱን ለሁለተኛ ጊዜ የሚገፋ ከሆነ፣ ከጎድን አጥንቱ ጠርዝ ሥር መስመር ከወጣለት፣ ቆይቶበታል፤ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። «ሊበላ ሲል አንዴ ሁለቴ ይስላል፣ ልማዱ ነው» የሚባለውንም እኔ አልቀበልም፤ ጤነኛ ፈረስ በየቀኑ አይስልም። አስም ብቻውን አያተኩስም። ስለዚህ ሰውነቱ ካተኮሰ ወይም ከአፍንጫው መግል ከወረደ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሙ እስኪደርስ ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩት፣ ባልዲውንም ለብቻው አድርጉለት።