ስማችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲሻገር

በጅማ ከተማ ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ለጸሐፊዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የማተሚያ ቤት ባለሙያዎች፣ የኮምፒውተር ተማሪዎች፣ እንዲሁም ከአጎራባች ወረዳዎች ማልዳችሁ የመጣችሁ ወገኖቼ፤ እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልታን!

የመጣሁበትን ጉዳይ ሳላንዛዛ ልናገር። መዝገብ የሚጠፋው ኮምፒውተር ሲቃጠል ወይም ፍላሽ በቫይረስ ሲመታ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ደህና ሆኖ፣ ፋይሉም በቦታው ተቀምጦ፣ በውስጡ ያለው የሰው ስም ግን ሊጠፋ ይችላል። አንዲት ጸሐፊ ፋይሉን ስትከፍት የማይነበብ ነገር ይመጣባታል፤ ትደነግጣለች፤ «ምናልባት ይስተካከል ይሆናል» ብላ ሴቭ ታደርገዋለች። ስሙ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም ነበር። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ያቺን አንዲት ሴቭ ለማስቀረት ነው።

በስክሪን ላይ የምናየው ብልሽት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ሲደረደር ካያችሁ አትደንግጡ። ጽሑፉ ሙሉ ነው፤ ያ ኮምፒውተር የፊደላችንን ቅርጽ የያዘ ፎንት ስለሌለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሽያጭ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር ኒያላ የሚባለው ፎንት አብሮ ከመጣ ወዲህ ይህ ችግር ቀንሷል። ዛሬም ካጋጠማችሁ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የሚባሉትን ነጻ ፎንቶች መጫን ይበቃል። ጭረት የተጫነባቸው የላቲን ፊደላትና የገንዘብ ምልክቶች ተዘበራርቀው ከመጡ ግን ጽሑፉ በሕይወት ቢኖርም አደጋ ላይ ነው። የጥያቄ ምልክት ብቻ ተሰልፎ ካያችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አብቅቶለታል። ፊደሉ ከፋይሉ ወጥቶ በቦታው ጥያቄ ምልክት ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያው ቅጂ ካልተገኘ በቀር የሚመልሰው ባለሙያ የለም።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የላከውን የስም ዝርዝር እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ተራ ቁጥሩ አለ፣ ዕድሜው አለ፣ ቀበሌው በቁጥር አለ፤ በስሙ ዓምድ ላይ ያለው ግን ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ምልክት ነው። ያ ሁሉ ሰው በዚያ ፋይል ውስጥ ቁጥር ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እኔን ወደዚህ መድረክ ያመጣኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለየፊደሉ የማይለወጥ ቁጥር ሰጥቷል። ሀ 4608 ናት። ሰ 4656፣ ላ 4619፣ ም 4637፤ ሦስቱ ሲገጥሙ «ሰላም» ይሆናሉ። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው፤ የገቡት ምልክቶች 345 ነበሩ። የጅማ ዩኒቨርሲቲም በዚህ ስሙ የተመሠረተው በዚያው ዓመት ነው። እናንተ ተማሪዎች እንግዲህ ፊደላችን በዓለም ሰንጠረዥ ላይ ቦታ ካገኘ በኋላ ያደጋችሁ ትውልድ ናችሁ። ለዚህ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉ ሰዎች ብዙ ደክመዋል፤ ሥራውም በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል። የመጨረሻዎቹ የጉራጌን ቋንቋዎች ለመጻፍ የተዘጋጁ ናቸው።

ቁጥሩ አንድ ከሆነ ታዲያ ጽሑፉ ለምን ይዘበራረቃል? ቁጥሩ በዲስክ ላይ የሚቀመጠው ባይት በሚባሉ፣ ከ0 እስከ 255 ባሉ ትናንሽ ቁጥሮች ተከፋፍሎ ስለሆነ ነው። ዛሬ ዓለም በብዛት የሚጠቀምበት አጻጻፍ ዩቲኤፍ-8 ይባላል፤ የምናዘወትራቸውን ፊደላት እያንዳንዳቸውን በሦስት ባይት ያስቀምጣል። ሀ በዲስኩ ላይ 225፣ 136፣ 128 ሆና ትቀመጣለች። ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም አጻጻፉን ካወቀ ሦስቱን በአንድነት አንብቦ ሀን ያወጣል። ካላወቀ ግን ኮምፒውተሩ የተሰናዳበትን ቋንቋ የድሮ ሰንጠረዥ አንሥቶ ባይቶቹን አንድ በአንድ ይተረጉማል። በእንግሊዝኛ የተሰናዳ ዊንዶውስ የሚያነሣው 1252 የሚባለውን የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው። በዚያ ሰንጠረዥ 225 ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» ነው፤ 136 ትንሽ ቆብ የመሰለች ምልክት ናት፤ 128 የዩሮ ምልክት ነው። አንዲት ሀ ሦስት ባዕድ ምልክት ሆና ቀረበች ማለት ነው። ያው ፋይል በሩሲያኛ ወይም በዓረብኛ በተሰናዳ ኮምፒውተር ቢከፈት ሌላ ዓይነት ዝብርቅርቅ ይወጣል። በዲስኩ ላይ ያሉት ባይቶች ግን አልተነኩም፤ በትክክለኛው አጻጻፍ ሲነበቡ ፊደሉ ይመለሳል።

ሴቭ ማድረግ ለምን እንደሚጎዳ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በ1252 ሰንጠረዥ ውስጥ አምስት ባዶ ቦታዎች አሉ፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። ምንም ምልክት አልተመደበባቸውም። ል የምትጨርሰው በ141 ነው። ም በ157፣ ሐ በ144። «ነው» የሚለውን ቃል ውሰዱ፤ ነ በ144 ትጨርሳለች፣ ው በ141። ሁለቱም ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ፈ፣ ፀ እና ፐ ከነቤተሰባቸው፣ አራት ነጥባችንና ነጠላ ሰረዛችን ጭምር፣ መካከለኛው ባይታቸው 141 ነው። እንግዲህ የከተማችንን ስሞች አስቡ፤ ጀማል፣ ፋጡማ፣ ሐሊማ፣ ነኢማ። አራቱም ውስጥ እንዲህ ያለ ባይት አለ። አንዳንዱ ፕሮግራም ባዶ ቦታ ላይ የወደቀውን ባይት ጥሎት ያልፋል፤ አንዳንዱ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። ያ ከሆነ በኋላ ሴቭ ከተደረገ ከሦስቱ ባይት አንዱ የለም። ሁለት ባይት ብቻ ይዞ ፊደሉን ማንሣት አይቻልም። ሲከፈት ዝብርቅርቅ የመጣባችሁን ፋይል ሴቭ ሳታደርጉ ዝጉት የምላችሁ ለዚህ ነው።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ዩኒኮድ ላልሆኑ ፕሮግራሞች የሚያገለግል ቋንቋ የሚመረጥበት ቦታ አለ። እዚያ ገብቶ አማርኛን ፈልጎ ያጣ ሰው ካለ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። አብዛኞቹ የድሮ ሰንጠረዦች 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ዊንዶውስም ለአማርኛ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለውም፤ አማርኛን የሚያውቀው በዩኒኮድ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ሌላ ቋንቋ በመምረጥ የአማርኛ ፋይል አይድንም።

የድሮ ፎንቶች ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። ዩኒኮድ ሳይመጣ፣ ከመጣም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ የምንጽፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች ነበር። ያኔ የነበሩት ባለሙያዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያለ እነሱ ደብዳቤም፣ መጽሐፍም፣ የሰርግ ጥሪም በኮምፒውተር አይታተምም ነበር። የተጠቀሙበት ዘዴ የላቲኑን ቁጥር የግዕዝ ልብስ ማልበስ ነበር። ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል እንዳስቀመጠ ነው የሚያውቀው፤ ፎንቱ ግን በዚያ ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ይስልበታል። ፊደላችን በ256 ቦታ ስለማያልቅ አንዳንዱ በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ከፋፈለው፤ አንዳንዱ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ አገጣጠመው። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ድልድል ስላወጣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ብቻ ይቀራል።

ይህ በአገሩ ሁሉ ያለ ችግር ነው፤ ጅማ ላይ ግን ይብሳል። እኛ በአንድ ቅጽ ላይ አፋን ኦሮሞና አማርኛ ጎን ለጎን እንጽፋለን። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ የላቲኑ ቁጥር በሐቅ የእሱ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ያለው አማርኛም በድሮው ፎንት ከተጻፈ ያንኑ የላቲን ቁጥር ይዟል። ሁለቱን የሚለያቸው ይህ መስመር በዚህ ፎንት፣ ያ መስመር በዚያ ፎንት የሚለው ቅርጽ ብቻ ነው። ጽሑፉን ወደ ተራ ቴክስት ኮፒ ካደረጋችሁት ያ ቅርጽ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እውነተኛ ቁቤ፣ የትኛው የተሸፈነ አማርኛ እንደሆነ ማሽን አይለየውም። ስለዚህ የቆየ ሰነድ ወደ ዩኒኮድ ስትቀይሩ ከዋናው የወርድ ፋይል ተነሡ፤ መለወጫውም ያንን ፎንት በስሙ የሚያውቅ ይሁን። በፒዲኤፍ የተቀመጠውንም አትመኑት። ሲታይ ያምራል፣ ሲታተምም ያምራል፤ ስም ስትፈልጉበት ግን አያገኝም።

ቁቤ በላቲን ስለተጻፈ ብቻ ከዚህ ችግር ነጻ ነው የሚል ካለ ሁዻን ይመልከት። በቃል መካከል የምትገባው ያቺ ጭረት ከኪቦርድ ስትነካ ቁጥሯ 39 ነው። ወርድ ግን በራሱ ፈቃድ ወደ ቆልማማው ጥቅስ ምልክት ይለውጣታል፤ ያኛው ቁጥሩ 8217 ነው፣ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ሰንጠረዡ ሲሳሳት ቆብ ያለበት «ኤ»፣ ዩሮና የንግድ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሳይበላሽም ቢሆን፣ በወርድ የተጻፈ ስምና በቀጥታ በሲስተሙ ላይ የተጻፈ ያው ስም በፍለጋ ላይገናኙ ይችላሉ። መሥሪያ ቤታችሁ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ፤ እኔ 39ኙን እመርጣለሁ፣ በማንኛውም ኪቦርድ ላይ ስላለ። በአማርኛም ሐሊማና ሀሊማ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሰውየው በመታወቂያው ላይ ባለው ፊደል ይመዝገብ፤ ፍለጋው ግን ሁለቱንም እንዲያመጣ ሲስተሙን የሚሠራው ባለሙያ ያስብበት። አራት ነጥብንም ሁለት ጊዜ ኮለን በመምታት አትተኩት። «።» የራሷ ቁጥር አላት።

በየቀኑ የምታገኙት ወጥመድ ኤክሴል ነው። የስም ዝርዝር ከሲስተም በሲኤስቪ፣ ማለትም ዓምዶቹ በኮማ ተለይተው በተራ ቴክስት በሚቀመጡበት የፋይል ዓይነት፣ ወጥቶ ሲመጣላችሁ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱት። መጀመሪያ ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፤ «ዳታ» ከሚለው ገብታችሁ ከቴክስት ፋይል አስገባ የሚለውን ምረጡ፤ የፋይሉን አጻጻፍ ሲጠይቃችሁ 65001 የሚለውን ስጡት፣ እሱ ዩቲኤፍ-8 ነው። ስታስቀምጡ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሲኤስቪ ታያላችሁ። ዩቲኤፍ-8 የሚል ስም ያለበትን ምረጡ። ተራውን ከመረጣችሁ ኤክሴል አማርኛውን ሁሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ቅድም የነገርኳችሁ ዓይነት ዝርዝር የሚወለደው በዚህች ምርጫ ነው።

ለተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ማይኤስኪውኤል የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ከስምንተኛው እትም በፊት፣ ካልነገራችሁት በስተቀር፣ ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ላቲን-1 በሚባለው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነበር። ዛሬም «ዩቲኤፍ-8» ብሎ የሚጠራው አሮጌ ምርጫው ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። ብዙው ፊደላችን በሦስት ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የገቡት የጉራጌ ፊደላት ግን አራት ባይት ናቸው። ባለ አራት ባይቱን ምረጡ፣ ሙከራም ስታደርጉ በጉራጌኛ ፊደልም ሞክሩት። ጎረቤታችሁ በእናንተ ሲስተም ስሙን መጻፍ ይቻለው።

ከቡና በኋላ ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ አዳራሽ እንቆያለን። የማይነበብ ፋይል ያላችሁ በፍላሽ አምጡት፤ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ዋናውን ሳትከፍቱ ኮፒ አድርጋችሁ በቢሯችሁ አስቀምጡ። በመጋዘናችሁ ውስጥ የድሮው ፎንት የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ፎርማት እንዳይደረግ፣ በጨረታም እንዳይሸጥ ዛሬውኑ ለኃላፊዎቻችሁ ንገሩ። የዚያ ዘመን ፋይል በትክክል ተቀይሮ መሆኑን የምናመሳክርበት እሱ ነው።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ገላቶማ።